ስለ ወርቅ የኪስ ሰዓቶች አሰባሰብና በምዕራብ ጎጃም ሊደረግ ስለሚገባው ምዝገባ

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ ወይም በሌላ የአገራችን ከተማ፣ አንድ አሮጌ የወርቅ የኪስ ሰዓት ለሽያጭ ወደ ወርቅ ሠሪ ቤት ሲገባ የሚደርስበት ነገር ያው ነው። ወርቅ ሠሪው ክዳኑን ከፍቶ ውስጡ ያለውን መኪና በወረንጦ ያወጣና ወደ ጎን ያኖራል፤ መስተዋቱንና ቊጥር የተጻፈበትን ገጽ ያነሣል፤ የቀረውን ባዶ ቀፎ በሚዛን ላይ አድርጎ ይመዝናል። ዋጋው የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ከጎን የተቀመጠው መኪና በሒሳቡ ውስጥ አይገባም፤ ብዙ ጊዜም ባለቤቱ መልሶ አይወስደውም።

ይህን ስንል ወርቅ ሠሪውን ለመውቀስ አይደለም። በጎጃም አንጥረኞች ዘንድ የማርያ ትሬዛን ብር አቅልጦ መስቀልና የአንገት ጌጥ መሥራት የቆየ ሙያ ነበር፤ ሙያውም ትክክለኛ ሒሳብ ነበረው። የማርያ ትሬዛ ብር በየጊዜው በብዙ ሚሊዮን ሲመታ ኖሮ ሁሉም 1780 የሚል አንድ ዓመት ብቻ ስለተቀረጸበት፣ አንዱ ብር ከሌላው ብር አይለይም። አንዱ ቢቀልጥ የጠፋ ወሬ የለም። ሰዓት ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በደኅና ቤት የተሠራ የኪስ ሰዓት ሁሉ ለራሱ ብቻ የተሰጠ ቊጥር አለው፤ ቊጥሩም በሠሪው መዝገብ ውስጥ ከተሠራበትና ከተሸጠበት ዘመን ጋራ ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ቀፎው ሲቀልጥ የሚጠፋው ወርቁ ሳይሆን፣ ወርቁማ ይኖራል፣ ጽሑፉ ነው። በዚህ አነስተኛ መጣጥፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ይህን ጽሑፍ እንዴት ማንበብ እንደሚቻልና፣ ከመጥፋቱ በፊት በቆጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው ገጠር እንዴት ሊመዘገብ እንደሚገባ ነው። የኢትዮጵያን ዓመት የምናመለክተው ዓ.ም. በማለት ሲሆን የአውሮፓውን እ.ኤ.አ. እያልን ለይተን እንጽፋለን።

በመጀመሪያ የጌጣጌጥ ቤት ሰዓት ማለት ምን እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በሰዓቱ ገጽ ላይ የተጻፈው ስም የሠሪው ስም ይመስለዋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሻጩ ነው። ለምሳሌ ካርቲየ የተባለው የፓሪስ ቤት እ.ኤ.አ. በ1847 በሉዊ ፍራንስዋ ካርቲየ ተመሥርቶ፣ ከ1899 ዠምሮ በሪዩ ደ ላ ፔ በ13 ቊጥር የሚገኝ የጌጣጌጥ ቤት ነው። ሥራው ወርቅና ዕንቊ እንጂ መንኮራኩር አልነበረም። ስለሆነም እ.ኤ.አ. በ1907 ኤድሞን ዤዤር ከተባለው የሰዓት መሐንዲስ ጋራ ውል አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1919 ደግሞ የአውሮፓ የሰዓት ኩባንያ የሚል ትርጉም ያለው ማኅበር ተቋቋመ። በዚህ ምክንያት በዚያ ዘመን የተሠራ የካርቲየ የኪስ ሰዓት ሲከፈት በገጹ ላይ አንድ ስም፣ በመኪናው ላይ ሌላ ስም ይታያል፤ መሠረቱ ደግሞ በስዊስ አገር ለኩልትር በተባለው ፋብሪካ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የኒውዮርኩ ቲፋኒም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ከ1851 ወዲህ የጄኔቫውን የፓቴክ ፊሊፕን ሰዓቶች ስሙን በገጻቸው ላይ እየጻፈ ይሸጥ ነበር። ሁለት ስም ማየት የማጭበርበር ምልክት አይደለም፤ አንዳንዴ እንዲያውም የእውነተኛነት ማስረጃ ነው። ይህን ባለማወቅ እውነተኛውን ሰዓት ሐሰተኛ ነው ብሎ መጣል ይቻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የወርቁ ምልክት ነው። የክዳኑን ውስጥ በአጉሊ መነጽር ያየ ሰው ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ምስሎች ያገኛል። ጸጉሯን የጠቀለለች ሴት ራስ ካለች ሔልቬቲያ ትባላለች፤ የስዊስ መንግሥት ምልክት ስትሆን ወርቁ 18 ካራት፣ ማለት ከሺው 750 እጅ ንጹሕ መሆኑን ታረጋግጣለች። ሽኮኮ ከሆነ 14 ካራት ነው። እነዚህ ሁለቱ እ.ኤ.አ. ከ1880ዎቹ መዠመሪያ እስከ 1995 ድረስ ሲሠራባቸው ቆይተዋል። የንስር ራስ ካለ ወርቁ በፈረንሳይ የተመረመረ 18 ካራት ነው፤ ጉጉት ካለች ደግሞ ሰዓቱ ከውጭ አገር ወደ ፈረንሳይ ገብቶ ቀረጥ የተከፈለበት መሆኑን ታስረዳለች። ከነዚህ ምስሎች አንዱንም የማያሳይ፣ ነገር ግን ቢጫ የሚያብረቀርቅ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ በወርቅ የተለበጠ ነው። ከኪስ ሰዓቶች አብዛኞቹም የኒኬል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1867 ሮስኮፍ የተባለው ሰው ለሠራተኛ ሕዝብ የሚሆን ርካሽ ሰዓት ካወጣ በኋላ የኪስ ሰዓት የመኳንንት ብቻ መሆኑ ቀርቷልና። ኒኬሉም ቢሆን መመዝገብ የለበትም አንልም፤ ባለታሪክ የሆነ የኒኬል ሰዓት ታሪክ ከሌለው የወርቅ ሰዓት ይበልጥብናል።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ዕቃ ወደ አገራችን የመጣው በየትኛው በር ነው ቢባል፣ ዋነኛው በር ንግድ ሳይሆን ስጦታ ነው። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. ገደማ ወደ ምኒልክ ዘንድ መጥቶ ከሩብ ምእት ዓመት በላይ ሲያገለግል፣ የሰዓት አገር የሆነችው ስዊስ በቤተ መንግሥቱ የታወቀች ሆነች። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ አውሮፓን ሲጐበኙ፣ የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከተከተሏቸው መሳፍንት አንዱ ነበሩ። ፓሪስንና ሎንዶንን የጐበኘው ይህ ጉዞ ሰጥቶ መቀበል የበዛበት ነበር፤ ከኢትዮጵያ በኩል ከተሰጠው ውስጥ አንበሶች እንኳ ነበሩበት። ራስ ኃይሉ በ1924 ዓ.ም. ከሥልጣን ተሽረው ሲታሰሩ ሀብታቸው ተወርሷል። አንድ የመኳንንት ቤት ዕቃ በአንድ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው እንዲህ ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ በጎጃም የቤተ ዘመድ ታሪክ የሚጠይቅ ሰው ይህን ዓመት ማስታወስ አለበት።

ሁለተኛው ልናስታውሰው የሚገባን ዓመት 1933 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን በኩል ተነሥተው፣ በበላያና በቡሬ አድርገው መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ገቡ። የፍኖተ ሰላም ስም ከዚያ ዘመን ጋራ ተያይዞ ይነገራል። ከዚያም ወዲህ በነበረው ዘመን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የስማቸው ፊደል ከነዘውዱ የተቀረጸባቸውን ሰዓቶች በስጦታ ይሰጡ እንደነበር፣ በውጭ አገር ሐራጅ የሚወጡት ዕቃዎች ይመሰክራሉ። እንዲህ ያለ ስጦታ ለውጭ እንግዳ የተሰጠ እንደሆነ ወደ ሐራጅ ወጥቶ ፎቶግራፉ ይታተማል፤ ለአገር ሰው የተሰጠ እንደሆነ ግን በሳጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥና፣ የልጅ ልጅ ችግር በገጠመው ቀን ወደ ሚዛኑ ይሄዳል። የአንዱ መንትያ በካታሎግ፣ የሌላው መንትያ በማቅለጫ መሆኑ ነው።

ስለ ውጭው ዓለም ሰብሳቢዎች ጥቂት እንበል። የአሜሪካው ባለ ባንክ ሔንሪ ግሬቭስ እ.ኤ.አ. በ1925 ለፓቴክ ፊሊፕ ያዘዘው፣ በ1933 የተረከበው ባለ 24 ልዩ ሥራ የኪስ ሰዓት በ1999 በ11 ሚሊዮን፣ በ2014 በ24 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተሸጧል። ይህ የሀብታም ወሬ ነውና ብዙ አያቆየንም። ለእኛ የሚጠቅመው የጎረቤታችን የግብፅ ጉዳይ ነው። ንጉሥ ፋሩቅ የሰዓት ሰብሳቢ ነበር። ከዙፋኑ ከወረደ በኋላ መንግሥቱ ስብስቡን እ.ኤ.አ. በ1954 በካይሮ በኩባ ቤተ መንግሥት በሐራጅ ሸጠ፤ ሐራጁን የመራው ሶዝቢ የተባለው የሎንዶን ቤት ነው። ሽያጩን የሚያሞግስም የሚነቅፍም ይኖራል። ነገር ግን ከሽያጩ በፊት ካታሎግ ታተመ። ስለዚህ ዛሬ የፋሩቅ የነበረ ሰዓት የትም ቢገኝ ከየት እንደ ወጣ፣ መቼ እንደ ወጣ፣ ማን እንደ ሸጠው መናገር ይቻላል።

በአገራችን የሆነው ሌላ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር ወር 1947 ዓ.ም. ስዊስን ሲጐበኙ ከተሰጣቸው ስጦታ ውስጥ አንድ የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ የእጅ ሰዓት እንደነበር ይነገራል። የኪስ ሰዓት አይደለም፤ ውስጡ ያለው ጥበብ ግን ከኪስ ሰዓት የተወረሰ ነው፤ ቀኑን፣ ወሩንና የጨረቃን ዕድሜ ራሱ ይቈጥራል። ይህ ሰዓት በኅዳር ወር 2010 ዓ.ም. በጄኔቫ በክሪስቲ ሐራጅ ሊሸጥ ከታወጀ በኋላ፣ ስለ ባለቤትነቱ ጥያቄ ስለ ተነሣ ከሽያጩ ወጣ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የንጉሣዊው ቤተ ሰብ ዕቃ በምን አኳኋን ከእጅ ወደ እጅ እንደ ተላለፈ የሚያሳይ የታተመ ዝርዝር ቢኖር ኖሮ፣ ጥያቄው በሐራጅ አዳራሽ በር ላይ ባልቆመም ነበር። የንጉሠ ነገሥት ሰዓት እንኳ ይህ ከደረሰበት፣ በደጋ ዳሞት የሚገኝ የአንድ ቀኛዝማች ልጅ የያዘውን ማን ይከራከርለታል?

አሁን በዚህ ርእስ ላይ በአውሮፓውያን መጻሕፍት ወደማይገኘው ክፍል እንግባ። የውጭ አገር ሰዓት ኢትዮጵያዊ ኪስ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል? የእኛ ቀን የሚቈጠረው ከንጋት ነው። ይህ አቈጣጠር ለአገሩ የሚስማማ መሆኑ በስሌት ይታወቃል። በፍኖተ ሰላም በዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ ቀን የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ብቻ ሲሆን፣ በጄኔቫ ልዩነቱ ወደ ሰባት ሰዓት ይጠጋል። ንጋቱ በየወሩ በማይሸሽበት አገር ሰዓትን ከንጋት መቍጠር ምንም አያስቸግርም፤ በጄኔቫ ግን አይቻልም ነበር።

በሁለቱ አቈጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት በትክክል ስድስት ሰዓት፣ የገጹም ክብ አሥራ ሁለት ክፍል ስለሆነ፣ የአንዱ ሰዓት ሁልጊዜ ከሌላው ሰዓት ፊት ለፊት ይገኛል። ሰባት ላይ ያለው ቆጣሪ ጭራው ወደ አንድ ያመለክታል። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ባለ ሰዓት ሁለት ምርጫ አለው፤ አንደኛው መሙያውን ስቦ ቆጣሪዎቹን በአገሩ ሰዓት ማስተካከል ነው፤ ሁለተኛው እንደ ውጭው ትቶ በተቃራኒው ማንበብ ነው። ሁለቱም ልማድ በአገራችን ይታወቃል። ቀላል ሰዓት ከሆነ ምርጫው ለውጥ አያመጣም። ባለ ብዙ ጥበብ ሰዓት ከሆነ ግን አስደናቂ ነገር ይከተላል።

አንዳንድ ውድ የኪስ ሰዓቶች በጎናቸው ያለችው ጫፍ ስትገፋ ሰዓቱን፣ ሩቡንና ደቂቃውን በደወል ይናገራሉ፤ የተፈለሰፉትም ኤሌክትሪክ ባልነበረበት ዘመን በጨለማ ሰዓት ለማወቅ ነው። ደወሉ የሚከተለው ቆጣሪዎቹን ነው። በአገራችን ሰዓት የተስተካከለ ከሆነ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሁለት ጊዜ ይደውላል። በተቃራኒው ለሚያነብ ሰው ግን ስምንት ጊዜ ይደውልበታል፤ በጨለማ ደግሞ የቆጣሪው ጭራ አይታይም። ሌሊት ነቅቶ ከስምንት ስድስት መቀነስ የነበረበት መኳንንት የጄኔቫ ሰዓት ሠሪ ያላሰበው ደንበኛ ነው።

የቀኑ ነገር ከዚህም ይበልጣል። ቀን የሚያሳይ ሰዓት ቀኑን የሚለውጠው በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ፣ ሁለቱ ቆጣሪዎች በገጹ ራስ በ12 ላይ ሲገናኙ ነው፤ በአውሮፓ ይህ እኩለ ሌሊት ነው። በአገራችን ሰዓት ያስተካከለው ሰው ግን ቀኑ የሚለወጥለት ከንጋቱ ወይም ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ከምሽቱ እንዲሆን አድርጎ ያስተካከለው እንደሆነ ቀኑ የሚለወጠው በዋዜማው ነውና፣ ስዊሱ መኪና ሳያውቀው ከቤተ ክርስቲያን የበዓል አቈጣጠር ጋራ ይስማማል።

ወሩስ? ዘላለማዊ አቈጣጠር ያለው ሰዓት የሚባለው የ30ና የ31 ቀን ወሮችን፣ የካቲታቸውንም 28 ወይም 29 ቀን ለይቶ የሚያውቅ ነው። ይህን የሚያደርገው 48 ወር በጥልቀታቸው በተለያዩ ጐድጓዶች የተቀረጹበት፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ የሚዞር መንኮራኩር ነው። እንዲህም ሆኖ ዘላለሙ ሙሉ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. 2100 በግሪጎርዮስ አቈጣጠር የካቲቱ 29 ቀን ስለማይኖረው፣ በዚያ ዓመት ሰዓቱ በእጅ መታረም አለበት። በእኛ ባሕረ ሐሳብ 12ቱ ወሮች ሁሉ 30 ቀን ናቸው፤ ጳጉሜን 5፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ 6 ትሆናለች፤ ከአራት ዓመቱ ዑደት የሚወጣ ዓመት የለም። የኢትዮጵያን ዘመን የሚቈጥር ሰዓት የሚሠራ ቢኖር መንኮራኩሩ ያነሰ ጥበብ የሚጠይቅ፣ እርማትም የማያሻው በሆነ ነበር። ይህን የምንለው ለኩራት አይደለም፤ የሰዓት ሠሪ ሒሳብ ስለሆነ ነው።

በነገራችን ላይ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዕለትን በ60 ኬክሮስ ሲከፍሉ አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ይሆናል፤ ቀኑንም ጥላን በእግር በመለካት ይለዩ ነበር። በፍኖተ ሰላም ጥላ የሚለካ መሪጌታና የኪስ ሰዓት የያዘ ሹም ስለ ቀትር ቢከራከሩ ሁለቱም እውነት አላቸው። የአገሪቱ ሰዓት የተወሰነው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ መሥመር ሲሆን ፍኖተ ሰላም የምትገኘው በ37 ዲግሪ ከሩብ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ ከራስ በላይ የምትደርሰው በሰዓቱ ስድስት ሰዓት ካለፈ ከግማሽ ሰዓት ያህል በኋላ ነው፤ በየወቅቱም ጥቂት ከፍና ዝቅ ይላል። ሰዓቱ ተበላሽቷል ተብሎ የተጣለው ስንቱ እንደሆነ እንጃ፤ ሰዓቱ ግን ደኅና ነበር።

ስለ አያያዝ ጥቂት ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። የኪስ ሰዓት ኃይል ከሞላው ይነሣል፤ በጥርሳም መንኮራኩሮች አልፎ ወደምትወዛወዘው መንኮራኩር ይደርሳል፤ እሷም አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ አምስት ጊዜ፣ በቀን 432000 ጊዜ ትወዛወዛለች። ጫፎቿ በቀይ ዕንቊ ላይ የሚዞሩት በጥቂት ዘይት ነው። ለብዙ ዓመት በሳጥን የቆየ ሰዓት ዘይቱ ደርቋል፤ የገጠር ቤት የምድጃ ጢስም ከዘይቱ ጋራ ተደባልቆ እንደ ሙጫ ይሆናል፤ የክረምቱ እርጥበት ብረቱን ያዝጋል። ይህን ሰዓት ለመሞከር ብሎ መሙላት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሳይሄድ ከኖረበት ዘመን ይልቅ ያቺ አንድ ቀን ትጎዳዋለች። በቢላዋ መክፈት፣ በአመድ መወልወልም አይገባም። የተቀረጸው ፊደልና የወርቁ ምልክት በውልወላ ይጠፋሉ፤ የዋጋው ግማሽ እዚያ ላይ ነው።

ወደ ምዝገባው እንመለስ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቊጥር 209 በግለሰብ እጅ ያለ ቅርስ እንዲመዘገብ፣ ያለ ፈቃድም ከአገር እንዳይወጣ ይደነግጋል። ሕጉ ካለ ዘንድ የእኛ ፋንታ የሚሆነው ወደ ሳጥኑ የሚደርስ ሰው ማዘጋጀት ነው። ያ ሰው የአገሩ ተማሪ ቢሆን ይሻላል፤ ባለቤቶቹ ለማያውቁት ከተሜ ነጋዴ እንጂ ለዕውቀት የመጣ መሆኑን አያምኑምና። ዘመድ ያለው ተማሪ ግን እማሆይና አያ ብሎ ገብቶ ቡና ከጠጣ በኋላ ይጠይቃል።

መዝጋቢው ስለ ወርቁ ክብደት አስቀድሞ እንዳይጠይቅ አጥብቀን እንመክራለን፤ ጥያቄው ራሱ ሰዓቱን ወደ ሚዛኑ ይመራዋል። መጀመሪያ የሚጻፈው ቊጥሩ ነው፤ በመኪናው ላይና በክዳኑ ውስጥ የተጻፉት ሁለት ቊጥሮች ተለይተው ይቀዱ። የፓቴክ ፊሊፕን የመሰለ ቤት ከመዝገቡ አውጥቶ ሰዓቱ የተሠራበትንና የተሸጠበትን ዘመን በጽሑፍ ሲሰጥ ኖሯል፤ የገዢውን ስም ግን አይሰጥም። ስለዚህ ግማሹ ታሪክ በጄኔቫ፣ ግማሹ በቆጋ ነው የሚገኘው፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ያ ቊጥር ብቻ ነው። ቀጥሎ የገጹ ስፋት በሚሊሜትር፣ ማኅተሞቹ፣ ሰንሰለቱ ከሰዓቱ ጋራ የመጣ ወይም በኋላ በአገር አንጥረኛ የተጨመረ መሆኑ ይጻፋል። ሰንሰለቱ ባገር የተሠራ ከሆነ ለእኛ ከሰዓቱ እኩል ዋጋ አለው። የታሪኩ አነጋገር ደግሞ ቢያንስ ከሁለት ሰው፣ ለየብቻቸው ሳሉ ይሰማ፤ አንዱ ሰጪውን ጃንሆይ ናቸው ሲል ሌላው ራስ ኃይሉ ናቸው ቢል ሁለቱም ይጻፉ እንጂ መዝጋቢው አይፍረድ።

የባለቤቱ ስምና የቤቱ ቦታ በሚታተመው ዝርዝር ውስጥ እንዳይገባ፣ ለብቻው ታሽጎ በሚቀመጥ ወረቀት ላይ ብቻ እንዲሰፍር ያስፈልጋል። ወርቅ ያለበትን ቤት በጽሑፍ ማስታወቅ ለሌባ ካርታ መሥራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ከኢየሩሳሌም ሙዚየም የተሰረቀው፣ ለማሪ አንትዋኔት የታዘዘ የብሬጌ የኪስ ሰዓት እስከ 2007 ድረስ ተሰውሮ ቆይቷል፤ ያውም ዘበኛ ከነበረው ቤት።

ቅጹ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ዓምድ እንዲኖር እንፈልጋለን፤ ይኸውም ሰዓቱ የቆመበት ሰዓት ነው። ቆጣሪዎቹ ሳይነኩ እንዳሉ በሥዕል ይነሡ፤ ከሥዕሉ ሥር ደግሞ ባለ ሰዓቱ የነበረው አባት ቆጣሪውን በቀጥታ ያነብ ወይም በተቃራኒው ያነብ እንደነበር ልጆቹ ተጠይቀው ይጻፍ። ይህን የሚያስታውሱት ከአባታቸው አጠገብ ተቀምጠው ሰዓት ማንበብ የተማሩት ብቻ ናቸው፤ እነሱም ዛሬ ሸምግለዋል።